ልጓሙ በአንድ ቀን ደም አይለካም፦ ከሥጋ ደዌ ሪአክሽን አንጻር የቀረበ አስተያየት

በአማርኛ «የበሽታ መከላከያ ሥርዓት» ስንል «መከላከያ» የሚለውን ቃል ከሠራዊቱ ጋር እንጋራዋለን። ስያሜው ስሕተት ነው ባይባልም አስተሳሰባችንን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይመራዋል፤ ጠላት፣ ውጊያ፣ ድል። «አቅም» የሚለው ቃል ሲታከልበት ደግሞ ነገሩ ሁሉ የመጠን ጉዳይ ይመስላል፤ ያነሰበት ይታመማል፣ የበዛለት ይድናል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወራት ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ፌጦው «አቅም ለመገንባት» ተብሎ ሲወሰድ የነበረው ከዚሁ ግንዛቤ በመነሣት ነው። በዚያው ወረርሽኝ ግን ኦክስጅን እስከሚያስፈልጋቸው ድረስ የታመሙ ሰዎችን ሞት መቀነሱ አስቀድሞ በትልቅ ጥናት የተረጋገጠው መድኃኒት ዴክሳሜታሶን ነበር፤ ይህም የመከላከያ ሥርዓቱን ምላሽ የሚያለዝብ እንጂ የሚያጠናክር መድኃኒት አይደለም።

የዘርፉ ሰዎች ይህን ከታወቀ ቆይቷል ይላሉ፤ እውነትም ቆይቷል። ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳየው፣ የራሳቸው ቲ-ሕዋስ የሌላቸው አይጦች ሲዲ25 የተባለውን ምልክት የያዙት ሕዋሳት ተለይተው የወጡበት የቲ-ሕዋሳት ስብስብ ሲሰጣቸው በገዛ አካላቸው ላይ በሚነሣ ምላሽ ይታመማሉ። ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ በ2001 ፎክስፒ3 የተባለውን ጂን ለዩ። ተቆጣጣሪ ቲ-ሕዋሳት ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት ቋሚ ምዕራፍ ሆነዋል፤ ሦስቱ ተመራማሪዎችም የ2025ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ለእኔ ግን ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ የሚታየኝ ስለ ሳንባ ነቀርሳ የተደረገ የአይጥ ሙከራ ነው። ፒዲ-1 የተባለው የልጓም ተቀባይ የሌላቸው አይጦች በሳንባ ነቀርሳ ባሲለስ ሲለከፉ ባሲለሱን የሚለዩ ሲዲ4 ሕዋሳት በብዛት ያፈራሉ። በመጠን ስሌት ከሄድን ከሌሎቹ የተሻሉ መሆን ነበረባቸው። ነገር ግን ባሲለሱ በሳንባቸው ውስጥ ይበልጥ ይራባል፣ እነርሱም ፈጥነው ይሞታሉ። ስለዚህ ልጓሙ የመከላከሉ አንድ ክፍል እንጂ የመከላከል ተቃራኒ አይደለም።

እንግዲህ የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን የምንለካበት መንገድ ነው። የምላሽ ቁጥጥር በጊዜ ሂደት የሚታይ ነገር ነው፤ መቼ ተነሣ፣ መቼ በረደ፣ ሳይበርድ ቀርቶ ምን አበላሸ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የጊዜ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ግን በአብዛኛው በአንድ ቀን፣ በአንድ የደም ናሙና እንለካዋለን። ሕክምናውም «ድኗል» የሚለውን ቃል በአንድ ቀን ይጽፋል። ሁለቱ ልማዶች አንድ ዐይነት ጉድለት ያለባቸው መሆኑን በሥጋ ደዌ ምሳሌነት ለማሳየት እሞክራለሁ። ይህን በሽታ የመረጥሁት በአገራችን አሁንም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን የሚመዘገቡበት በመሆኑና አለርት ሆስፒታልና አጠገቡ በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ለዐሥርት ዓመታት ሲያጠኑት የኖሩት በመሆኑ ነው።

የሥጋ ደዌ ባሲለስ ዝግተኛ ፍጥረት ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ሐንሰን በ1873 ካገኘው ጀምሮ እስከ ዛሬም በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ማብቀል አልተቻለም። በራሱ ይህ ነው የሚባል መርዝ አያመነጭም። የበሽታውን መልክ የሚወስነው በዋናነት የሰውየው ምላሽ ነው። ሪድሊና ጆፕሊንግ በ1966 ያቀረቡት አመዳደብም ይህንኑ ይከተላል። በአንደኛው ጫፍ፣ በቱበርኩሎይድ፣ የቲ-ሕዋሳት ምላሽ ብርቱ ነው፤ ቁስሉ ጥቂት ነው፣ ባሲለሱም በአጉሊ መነጽር እምብዛም አይገኝም። በሌላው ጫፍ፣ በሌፕሮማተስ፣ ባሲለሱ ቆዳውን ሞልቶት ሳለ ቲ-ሕዋሳቱ ዝም ይላሉ። ዝምታው ደግሞ የአጠቃላይ ድካም አይደለም፤ የዚያው ሰው ሕዋሳት ለሌሎች ቀስቃሾች ምላሽ ይሰጣሉ። ሌፕሮማተስ ሕመምተኛን «አቅም የሌለው» ማለት ስለዚህ ትክክል አይሆንም። የታገደ ማለት ይቀርባል።

ዕገዳው ከየት እንደሚመጣ በከፊል ያሳየን በ2014 የታተመ የኢንስቲትዩቱና የውጭ ባልደረቦቹ ጥናት ነው። ከ18 ሌፕሮማተስ ሕሙማን በተወሰደ ደም ውስጥ ሲዲ25 የያዙት ሕዋሳት ሲወገዱ፣ የ7ቱ ሕዋሳት ለባሲለሱ ኢንተርፌሮን ጋማ ማመንጨት ጀመሩ፤ የተወገዱት ሲመለሱም ዝምታው ተመለሰ። የቀሩት 11 ግን ያለ ተቆጣጣሪዎቹም ዝም እንዳሉ ቀሩ። አንድ ስም የተሰጠው ሕመም ቢያንስ ሁለት ዐይነት ዝምታ አለው ማለት ነው።

ዝምታው የሚሰበርበት ጊዜ ደግሞ አለ። በክሊኒክ ቋንቋ «ሪአክሽን» የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ዐይነት በአብዛኛው በሁለቱ ጫፎች መካከል ባሉት ሕሙማን ላይ ይነሣል። የቆዩ ቁስሎች ይቀላሉ፣ ያብጣሉ፤ ነርቭ ያብጣል፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥም ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ሁለተኛው፣ ኢ.ኤን.ኤል. የሚባለው፣ ባሲለስ በበዛባቸው ላይ የሚነሣ ነው፤ ትኩሳት፣ የሚያሙ የቆዳ እብጠቶች፣ የመገጣጠሚያ፣ የዐይንና የወንድ ዘር ፍሬ ብግነት ያስከትላል፤ በርዶም በተደጋጋሚ ይመለሳል፣ ለዓመታትም ይዘልቃል። በ2017 የታተመ በአለርት የተደረገ ጥናት 46 የኢ.ኤን.ኤል. ሕሙማንን ሪአክሽን ከሌላቸው 31 ሌፕሮማተስ ሕሙማን ጋር አነጻጽሮ፣ ሪአክሽኑ በተነሣ ጊዜ የተቆጣጣሪ ቲ-ሕዋሳት ድርሻ በእጅጉ ዝቅ ብሎ አገኘው። ከፕሬድኒሶሎን ሕክምና በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። ይህን ማወቅ የተቻለው ደሙ ከሕክምናው በፊት፣ በመካከልና በኋላ ሦስት ጊዜ ስለተወሰደ ነው። ተመራማሪዎቹ በመጨረሻው ጊዜ ብቻ ቀድተው ቢሆን ኖሮ «ልዩነት የለም» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ያም በዚያ ቀን እውነት ይሆን ነበር።

የሕክምናው አቆጣጠር የሚያሳስበኝም በዚሁ ነጥብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ያቀረበው የጥምር መድኃኒት ሕክምና ታላቅ ስኬት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ሪፋምፒሲን በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ባሲለስ ይገድላል። ባሲለስ የበዛባቸው ሕሙማን በ12 ወር፣ ያነሰባቸው በ6 ወር ጨርሰው ከመዝገብ ይሰረዛሉ። ሆኖም የሞተ ባሲለስ ሬሳው ወዲያው አይጠፋም። በቆዳ ናሙና የሚቆጠረው የባሲለስ መለኪያ በዓመት አንድ ደረጃ ያህል ብቻ ነው የሚወርደው፤ ከአምስት ወይም ከስድስት የጀመረ ሰው መድኃኒቱን ሲጨርስ በአካሉ ውስጥ ምላሽ ሊቀሰቅስ የሚችል ብዙ ቅሪት ይዞ ነው የሚወጣው። በአለርት አካባቢ ሕሙማንን ለዓመታት የተከታተለው የመስክ ጥናት ሪአክሽንና የነርቭ ጉዳት መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም እንደሚነሣ አሳይቷል። ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ መዝገቡ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ቀጥሏል። በ1991 የዓለም ጤና ጉባኤ ያስቀመጠው ግብ ከ10,000 ሰው ከአንድ ያነሰ ሕመምተኛ የሚል ሲሆን፣ ሕመምተኛ ተብሎ የሚቆጠረው መድኃኒት እየወሰደ ያለው ነው። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ነርቩ እየሞተ ቢሆንም ከቁጥሩ ውጭ ነው።

ስሙ የሥጋ ይሁን እንጂ ሥጋ ደዌ በዋናነት የነርቭ በሽታ ነው። ባሲለሱ ጣት አይበላም። ስሜት ያጣ እጅ ከጋለ ምጣድ ላይ አይሸሽም፤ ስሜት ያጣ እግር በጫማው ውስጥ የገባውን ጠጠር አያውቅም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱ ይጎዳል፣ ያን ጊዜ ጣት ያጥራል። በአዲስ የነርቭ ጉዳት ላይ ፕሬድኒሶሎን በጊዜ ከተጀመረ ስሜቱና ጡንቻው ሊመለስ ይችላል፤ የተለመደው የሕክምና መመሪያ ጉዳቱ ከ6 ወር ያልበለጠ እንዲሆን ይፈልጋል። ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ናይለን ክር ካለ በእርሱ፣ ከሌለ በእስክሪብቶ ጫፍ መዳፍንና የእግር ውስጥን መንካት፣ ከዚያም ሕመምተኛው ትንሿን ጣቱንና አውራ ጣቱን ገፋ እንዲያደርግ መጠየቅ ነው። ሕመምተኛው ከመዝገብ ከወጣ በኋላ ግን በእስክሪብቶ የሚነካው ሰው አይኖርም፤ እጁ ሲደነዝዝም «መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፣ ድነሃል ተብያለሁ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ስድስቱ ወር ያልፋል።

ፕሬድኒሶሎን ራሱም በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ልጓም በጠፋበት ቦታ ላይ ሁሉን የሚያስር ገመድ ነው፤ ሪአክሽኑን ያበርዳል፣ አብሮም ለሌላ ልክፈት ያጋልጣል፣ ስኳር ያስነሣል፣ አጥንት ያሳሳል። በ2014 ከአገራችን የወጣ የሆስፒታል መዝገብ ጥናት በኢ.ኤን.ኤል. ሕሙማን ላይ ሞት ከሌሎቹ ሌፕሮማተስ ሕሙማን ይበልጥ እንደሚከሠትና ለረዥም ጊዜ የሚወሰደው ስቴሮይድ በዚህ እጁ እንዳለበት አመልክቷል። ታሊዶማይድ ለኢ.ኤን.ኤል. እንደሚጠቅም ያዕቆብ ሼስኪን በኢየሩሳሌም ካስተዋለ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ በፅንስ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ግን በብዙ አገሮች እንደልብ አይገኝም። የትኛው ሕመምተኛ አጭር ሕክምና እንደሚበቃው፣ የትኛው ለዓመታት እንደሚቸገር አስቀድሞ የሚነግር የደም ምልክት ቢኖር የብዙ ወጣቶች ሕይወት በተለየ መንገድ በሄደ ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት የሚገኘው ደግሞ ያንኑ ሰው ደጋግሞ በመለካት ብቻ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የሁለተኛ ዲግሪ የኢሚዩኖሎጂ ጥናቶቻችን በብዛት የአንድ ጊዜ ጥናቶች ናቸው። ሕሙማንና ጤነኞች ይሰበሰባሉ፣ አንድ ጊዜ ደም ይቀዳል፣ ጥቂት ሳይቶካይኖች ይለካሉ፣ «ከፍ ብሎ ተገኝቷል» ወይም «ዝቅ ብሎ ተገኝቷል» ተብሎ ይደመደማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ቢሆን ነው፣ ገንዘቡም ያንኑ ያህል ነው። ነገር ግን በኢንተርፌሮን ጋማ ከፍታ ብቻ የሚጠበቀው ሰው ከሚጎዳው ሰው አይለይም። ተጠባቂውም፣ ነርቩ እየተቃጠለ ያለውም ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ልዩነቱ ቁጥሩ በሚቀጥለው ወር ወዴት እንደሚሄድ ላይ ነው።

አንድ ተማሪ ሦስት ዓመት ሊከታተል አይችልም፤ ሦስት ተከታታይ ተማሪዎች ግን ይችላሉ። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ አዲስ ርእስ ከማጽደቅ ይልቅ መድኃኒት የሚጀምሩ ሕሙማንን የያዘ አንድ የጋራ ምድብ ከሆስፒታሎች ጋር ያቋቁሙ። የመጀመሪያው ተማሪ የመነሻውን ደምና የነርቭ ምርመራ ይይዛል፤ ተከታዩ ያንኑ ሰው በሕክምናው ማብቂያ ላይ ያገኘዋል፤ ሦስተኛው መድኃኒቱ ካለቀ ከዓመት በኋላ። እያንዳንዱ የራሱን ጥያቄ ይጽፋል፣ የራሱን ዲግሪ ይይዛል፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱም ከመጀመሪያው ለክትትሉ በሙሉ ይጠየቃል።

«የራሱ የሆነ አዲስ ሥራ የት አለ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ። ከቀደመው ተማሪ የተረከበ መረጃ ላይ የራስን ጥያቄ መጠየቅ ከአንድ ቀን ናሙና አዲስ ሠንጠረዥ ከማውጣት ያነሰ አይመስለኝም። የበረታው ተቃውሞ የማቀዝቀዣው ነው። ሕያው ሕዋሳትን ለዓመታት ማቆየት ፈሳሽ ናይትሮጅን ይጠይቃል፤ ይህ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ የለም። ነገር ግን ሴረምና አር.ኤን.ኤ. ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ይቀመጣሉ፤ የሕዋሳቱም ቆጠራ ደሙ በተቀዳበት ቀን ሊሠራ ይችላል። ሕዋሳቱን ማኖር በማይቻልበት ቦታ እንኳ የእስክሪብቶው ምርመራ ይቻላል፤ በየቀጠሮው ውጤቱ ከደሙ ቁጥር ጎን መጻፉ ብቻ ጥናቱን ከብዙዎቹ የተለየ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ ክትትሉን የሚያደርገው ተማሪ እጁ መደንዘዝ የጀመረን ሰው ስድስቱ ወር ሳያልፍ ወደ ክሊኒክ ሊመልሰው ይችላል። የስልክ ቁጥር የሚቀያይሩና ከገጠር የሚመጡ ሕሙማንን መልሶ ለማግኘት የትራንስፖርት ወጪያቸው በጥናቱ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው መያዝ አለበት፤ አሁን ባሉት የበጀት ቅጾች ለሪኤጀንት የሚሆን ረድፍ እንጂ ለዚህ የሚሆን ረድፍ የለም።