ጭራቅ የሚሥል ልጅ ደብተሩ አይቀደድበት

የማስተማር ልምምድ ጊዜ በደረሰ ቁጥር በመካከላችን አንድ ክርክር ይነሣል። አንድ ተማሪ የሒሳብ ደብተሩን ጀርባ ሦስት ዓይን፣ ስድስት እጅና የመጋዝ ጥርስ ባለው ፍጡር ሞልቶት ቢገኝ መምህሩ ምን ማድረግ አለበት? አንዳንዱ «ቀዶ መጣል ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም» ይላል። ሌላው «ወላጅ ይጠራ» ይላል። አይቶ እንዳላየ ማለፍን የሚመርጥም አለ። እኛ ደግሞ ከሦስቱም የተለየ አሳብ ይዘን ቀርበናል። አሳባችንን ለማስረዳት ወደ አሜሪካ አሻግረን አንድ የካርቱን ሠዓሊንና እሱ የወደዳቸውን ርካሽ ፊልሞች ምሳሌ እናደርጋለን።

ሠዓሊው ድሩ ፍሪድማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ብሩስ ጄይ ፍሪድማን ስመ ጥር ደራሲ ስለ ነበር ቤቱ መጽሐፍ አልጎደለበትም። የልጁ ልብ ግን ወደ ጭራቅ ፊልም፣ ወደ አሮጌ አስቂኝ ተዋንያንና ማድ ወደሚባለው የቀልድ መጽሔት አደላ። ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። በ1957 ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ አሮጌ የድራኩላና የፍራንከንስታይን ፊልሞች ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተለቅቀው በየቤቱ መታየት ጀመሩ። በ1958፣ ማለትም ፍሪድማን በተወለደበት ዓመት፣ ስለ ፊልም ጭራቆች ብቻ የሚጽፍ መጽሔት በፎረስት አከርማን አዘጋጅነት ወጣ። የዚያ ትውልድ ልጆች ይህን መጽሔት ትራስ ሥር ደብቀው እያነበቡ አደጉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ «ቢ ፊልም» የሚባለው ምንድን ነው? በ1930ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ለመሳብ ሲሉ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። ዋነኛው ብዙ ገንዘብ የወጣበትና የታወቁ ተዋንያን ያሉበት ነው። ሁለተኛው፣ «ቢ» የተባለው፣ በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ቀን ተሠርቶ ለማሟያ የሚቀርብ ነው። በኋላ ሁለት ፊልም በአንድ ትኬት የማሳየቱ ልማድ ቢቀርም ስሙ ቀጠለ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከጠፈር የመጣ ጠላት፣ ከባሕር የወጣ አውሬ፣ በጨረር የተለወጠ ነፍሳት የእነዚህ ፊልሞች የዘወትር ቀለብ ሆነ።

ድህነታቸው የሚያስቅ ነበር። በ1953 የወጣውን «ሮቦት ሞንስተር» የተባለ ፊልም እንውሰድ። የተሠራው በ16 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ምድርን የሚያጠፋ ሮቦት ያስፈልጋል፣ ሮቦት ለማሠራት ግን ገንዘብ የለም። ታዲያ ምን ተደረገ? የጎሪላ ልብስ ያለው ተዋናይ ተፈለገና ራሱ ላይ የባሕር ጠላቂ የራስ ቁር የሚመስል ነገር ተደፋበት። በቃ፣ ሮቦት ሆነ! ኤድ ዉድ የተባለው ዲሬክተር ደግሞ በ1956 «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» የተባለውን ፊልም ሲቀርጽ ከአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባላት ገንዘብ ተቀበለ። ዋና ተዋናይ ሊሆን የታሰበው ቤላ ሉጎሲ ፊልሙ ሳይጀመር ስለ ሞተ ቀድሞ ከተቀረጸለት የጥቂት ደቂቃ ምስል ጋር የሚስቱን ወጌሻ ካባ አልብሶ፣ ፊቱን በካባው አስሸፍኖ በምትኩ አስገባው። ወጌሻው ከሟቹ ይረዝም ነበር፣ መልኩም አይገናኝም። ኤድ ዉድ ግን ሥራውን አላቆመም። በ1980 የታተመ አንድ መጽሐፍ ይህንኑ ፊልም ከፊልሞች ሁሉ የከፋ ብሎ ሰየመው። አስገራሚው ነገር ከዚያ ስያሜ በኋላ ተመልካቹ መብዛቱ ነው።

ይህን ስንል ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ሮጀር ኮርማን «ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» የተባለውን፣ ሰው ስለሚበላ ተክል የሚናገረውን የ1960 ፊልም፣ ከሌላ ፊልም በተረፈ የመድረክ ግንባታ ውስጥ ዋናውን ክፍል በሁለት ቀን ቀርጾ ጨረሰ። ታሪኩ በ1982 የሙዚቃ ቲያትር ሆነ፣ በ1986 ደግሞ እንደገና በፊልም ተሠራ። በ2024 ያረፈው ኮርማን ሌላም ውለታ አለው። ፍራንሲስ ኮፖላንና ማርቲን ስኮርሴዜን የመሳሰሉ ዲሬክተሮች ገና ወጣት ሳሉ ሥራ የሰጣቸው እሱ ነው። ጄምስ ካሜሮንም ለኮርማን ፊልሞች የጠፈር መርከብ ሞዴል እየሠራ ነው የተማረው። ገንዘብ በሌለበት ቦታ ሰው ዘዴ ይማራል። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ወዳለበት ትምህርት ቤት ለሚሄድ መምህር ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። በካርቶንና በሽቦ የሰውን ሳንባ ሠርቶ ያስተማረ ሰው የጎሪላውን ልብስ ታሪክ ሲሰማ ይስቃል፣ ወዲያውም ይገባዋል።

ወደ ሠዓሊያችን እንመለስ። ፍሪድማን የእነዚህን ፊልሞች ፊቶች መሣል ጀመረ። ከሁሉም ይበልጥ ቶር ጆንሰን የተባለውን፣ ስዊድን ውስጥ የተወለደውንና በኤድ ዉድ ፊልሞች ውስጥ የተወነውን ራሰ በራ ግዙፍ ታጋይ ደጋግሞ ሣለው። በ1980ዎቹ ከወንድሙ ከጆሽ አለን ጋር ሆኖ የተረሱ ተዋንያንን የሥዕል ታሪክ ባለጉዳዮች አደረጋቸው። አሣሣሉ ግን ርካሽ አልነበረም። መስመር እየሳበ ጥላ በማጥቆር ፈንታ በቀለም ብዕር ነጥብ በነጥብ እየጣለ ፊትን ያወጣ ነበር። አንድ ጉንጭ፣ አንድ የዓይን ሥር እጥፋት፣ አንድ ኪንታሮት እጅግ ብዙ ነጥብ ይፈጃል። ከሩቅ ሲታይ ፎቶግራፍ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ነጥብ ብቻ ነው። በኋላ ወደ ውሃ ቀለም ቢሻገርም ያ ትዕግሥት አልለቀቀውም።

እኛን የገረመን ይህ ነው። ፊልሙ በአራት ቀን የተቀረጸ፣ ሃያሲ የናቀው፣ ተመልካች የሣቀበት ሊሆን ይችላል። ያንን ፊልም የወደደው ሰው ግን ስለ እሱ ሲሠራ አልቸኮለም። ሌላው የናቀውን ነገር በትጋት አከበረ። በእኛ አስተያየት ፍቅር ማለት ይህ ነው። አንድ ልጅ በሒሳብ ደብተሩ ጀርባ የጭራቁን ቅርፊት አንድ በአንድ እየቆጠረ ሲሥል የምናየውም ያንኑ ትጋት ነው። በሒሳቡ አላየነውም ይሆናል፣ ልጁ ዘንድ ግን አለ። መምህር የሚያስፈልገው ያለውን አውጥቶ ወደሚፈለግበት ለማድረስ ነው እንጂ ያለውን ለማጥፋት አይደለም።

አሁን ደብተር መቅደድ መድኃኒት ነው ለሚሉት መልስ እንስጥ። ይህ ነገር አሜሪካ ውስጥ በአገር ደረጃ ተሞክሯል። በ1954 ፍሬድሪክ ወርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። አሳታሚዎቹም ፈርተው በራሳቸው ላይ የቁጥጥር ደንብ አወጡ። ደንቡ ቫምፓየርንና ከመቃብር የተነሣ ሙትን አገደ፣ «ሆረር» የሚለው ቃል በመጽሔት ርእስ ላይ እንዳይወጣ ከለከለ። ደንቡ እየላላ ሄዶ በ2011 የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች ተዉት። በ2012 ደግሞ ካሮል ቲሊ የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተመራማሪ የሐኪሙን ማኅደር መርምረው ማስረጃውን እንዳሻው ለዋውጦና አጋኖ እንዳቀረበ አሳዩ። ጭራቁ ልጆቹን አጠፋ የተባለው ክስ የቆመበት መሠረት ያን ያህል ነበር ማለት ነው።

በዚህ መካከል ምን ሆነ? ማድን በ1952 የመሠረተው ሃርቪ ከርትዝማን፣ ያ በክሱ ዘመን የተናቀ ሙያ ባለቤት፣ በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ባለው የእይታ ጥበባት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ሌላው የሙያው አንጋፋ ዊል አይስነርም እዚያው ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ድሩ ፍሪድማን ነው። ደንቡ በሩን ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ ከፈተው። መምህራን ሆይ፣ ይህችን ነገር ልብ በሉልን።

እርግጥ ነው፣ የተቃራኒው ወገን አሳብ ሁሉ ውድቅ አይደለም። ከነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ለገንዘብ ብቻ የተሠሩ፣ አሰልቺም ናቸው። ሴት በውስጣቸው ለመጮኽና ለመወሰድ ብቻ የምትገባባቸው፣ የሌላ አገር ሕዝብ እንደ አረመኔ የሚታይባቸው ሞልተዋል። ሕፃን ሌሊት የሚያባንን ነገር ይታይ አንልም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሮንዶ ሃተን ጉዳይ ነው።

ሃተን በፍሎሪዳ የጋዜጣ ዘጋቢ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ወታደር ነበር። አክሮሜጋሊ የተባለ፣ አእምሮ ሥር ያለ ዕጢ ከመጠን በላይ የእድገት ንጥረ ነገር ሲያመነጭ የሚመጣ በሽታ አጥንቱንና ፊቱን ለወጠው። ዩኒቨርሳል በ1940ዎቹ ይህን የታመመ ፊት ለጭራቅነት ተጠቀመበት። ሜካፕ አላስፈለገውም። ሃተን በ1946 ሞተ፣ የመጨረሻ ፊልሞቹ ለሕዝብ የታዩት ከሞተ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ሣቃችን ይቆማል። ጎሪላው ልብሱን ሲያወልቅ ሰው ይሆናል። ሃተን ግን የሚያወልቀው ነገር አልነበረውም።

ስለዚህ ለክፍላችን የሚሆነው ድንበር እዚህ ላይ ይሰመር እንላለን። ከራሱ አእምሮ ጭራቅ የፈጠረ ልጅ ማንንም አልጎዳም። አጠገቡ የተቀመጠችውን፣ ፊቷ በእሳት የተቃጠለውን ወይም እግሯ የሰለለውን ልጅ ሥሎ «ጭራቅ» ብሎ የጻፈበት ግን ጎድቷል፣ ዝም ሊባልም አይገባም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሥዕሉ አስቀያሚነት አይለካም። መምህር ይህን ሳይለይ ሁለቱንም በአንድ አለንጋ ቢመታ አንደኛውን ያለ ጥፋቱ ይቀጣዋል፣ ሁለተኛውም ለምን እንደተቀጣ ሳያውቅ ይቀራል።

በእኛም አገር ቢሆን ጭራቅ እንግዳ አይደለም። በተረቱ እሳት ዳር ተቀምጠን ሰምተነዋል፣ ፈርተነዋል፣ «ድገሙልን» ብለንም ለምነናል። ልጅ የሚፈራውን ነገር ስም ሲሰጠውና ቅርጽ ሲያወጣለት ፍርሃቱ በእጁ ይገባል። በወረቀት ላይ የተሣለ ጭራቅ የሚቆመውም የሚቀመጠውም ሠዓሊው እንዳዘዘው ነው።

ለልምምድ ለምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ይሠራ፣ ለዚህ ይሉኝታ አያስፈልግም። ደብተሩን ግን አትቅደዱ። ከክፍል በኋላ ልጁን ጠርታችሁ ጠይቁት። ስሙ ማነው? ምን ይበላል? የት ይኖራል? በብርድ አገር ከሆነ ጠጉሩ የት አለ? በውሃ ውስጥ ከሆነ በምን ይተነፍሳል? ይኸው የሳይንስ ትምህርት ሆነ። መልሱን በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ ብትሉት ደግሞ ድርሰት ሆነ። ስድስት እጅ ላለው ለእያንዳንዱ እጅ አምስት ጣት ስንት ጣት እንደሚሆን ብትጠይቁት ወደ ሒሳቡም ተመለሳችሁ።

ለአሠልጣኞቻችንም አንድ ቃል አለን። ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ በተማርን ቁጥር «በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ» የሚለውን ሐረግ እንሰማለን። መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ እጅ ከሰማይ አይወርድም። በልጅነቱ ደብተሩ ያልተቀደደበት ሰው እጅ ነው። ሥዕልን የዓርብ ከሰዓት በኋላ መዝናኛ አድርገን እያስተማርን ብልህ እጅ ያለው መምህር እንዲወጣልን ብንጠብቅ ከየት ይመጣል?

ከመካከላችን ይህን አሳብ የማይቀበል ካለ ቦታው ክፍት ነው፣ ጽፎ ያምጣና ከጎናችን ይለጠፍ። ክርክሩ ግን የሚያበቃው እዚህ ግድግዳ ላይ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ከሃምሳና ከስድሳ ተማሪዎች ፊት ስንቆም፣ ከኋላ ወንበር አንዱ አንገቱን ደፍቶ ሲሥል እናገኘዋለን። ያን ጊዜ እጃችን ወደ ደብተሩ ሲዘረጋ ለመቅደድ ይሁን ለማየት የምንወስነው እኛ ነን።