«የኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?» - ከዶፍ በኋላ የጨለማው ሒሳብ

ሆሳዕና ላይ ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ጥሎ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን ጠፋ?» አይደለም። «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?» ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ የጎረቤቱን መስኮት ያያል፣ ቀጥሎ የመንገድ ማዶውን፣ ከዚያ ሴች ዱና ወይም ጎፈር ሜዳ ላለ ጓደኛው ይደውላል። «እናንተ ጋስ አለ?» ይላል። «የለም» ሲባል፣ ይገርማል፣ ትንሽ ቀለል ይለዋል። የሁሉም ከሆነ ቶሎ ይሠራል ብሎ ስለሚያስብ ነው። የአንድ ሰፈር ብቻ ከሆነ ግን ማን ያስታውሰናል?

ዱራሜም ሾኔም ሺንሺቾም ያው ነው። ሐምበሪቾ ላይ ጥቁር ደመና ሲቆም ስልኩን ቻርጅ ላይ የማይሰካ ወጣት ካለ እንግዳ ነው።

ይህን ጥያቄ ኢኮኖሚክስ ከተማርኩ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማየው። ሰዉ የሚፈልገው መብራቱን ብቻ አይደለም፤ መረጃም ይፈልጋል። እንዲያውም ከዶፍ በኋላ የአንድን ቤት ኪስ አብዝቶ የሚጎዳው ጨለማው ስንት ቀን እንደሚቆይ አለማወቅ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ከችግሮቹ ሁሉ በትንሽ ወጪ ሊቃለል የሚችለውም ይኸው ነው።

ግድቡ እያለ ለምን ይጠፋል?

ይህ ጥያቄ ቴሌግራም ላይ ሁሌም ይነሳል፤ መነሳቱም አይገርምም። የሀዲያ ዞን ምዕራባዊ ድንበር የጊቤ ኦሞ ወንዝ ነው። በዚሁ ወንዝ ላይ ጊቤ 2 (420 ሜጋ ዋት) እና ጊቤ 3 (1,870 ሜጋ ዋት) አሉ። የህዳሴው ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ሜጋ ዋት መሃል ሻማ ምን ያደርጋል?

መልሱ ኃይል ማመንጨትና ኃይል ቤት ማድረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ግድቦቹና ከፍተኛ መስመሮቹ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ በኋላ እስከ ቆጣሪያችን ያለው ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ዶፍ የሚመታው ብዙውን ጊዜ ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ የ33 ወይም የ15 ኪሎ ቮልት መስመሩን፣ የእንጨት ምሰሶውን፣ ትራንስፎርመሩን፣ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባውን ሽቦ። በኛ አካባቢ መስመሩ ኮረብታ ለኮረብታ፣ በባህር ዛፍ መሃል ነው የሚያልፈው። ነፋስ አንድ ባህር ዛፍ ከገነደሰ፣ አንድ ሺህ ሜጋ ዋት ቢጨመርም ከዛፉ ወዲህ ያለው ሰፈር ጨለማ ነው።

አለማወቅ እንዴት ገንዘብ ይበላል?

አንድ ቤት እንውሰድ። ሊጥ ተቦክቷል፣ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። መብራቱ ዛሬ ማታ የሚመጣ ከሆነ መጠበቅ ይሻላል። ከነገ ወዲያ የሚመጣ ከሆነ ግን ዛሬውኑ እንጨት ገዝቶ መጋገር ነው የሚያዋጣው። ሁለቱም ውሳኔ በራሱ ልክ ነው። ቀኑ ካልታወቀ ግን ቤቱ ሁለቱንም ኪሳራ ይከፍላል፤ ሁለት ቀን ይጠብቃል፣ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ በሦስተኛው ቀን እንጨቱም ይገዛል።

ወፍጮ ቤትም ላይ ያው ነው። የኤሌክትሪኩ ወፍጮ ከቆመ እህሉን በባጃጅ ጭኖ የናፍጣ ወፍጮ ወዳለበት መሄድ ይቻላል። ግን ትራንስፖርት ከፍለህ ስትመለስ የሰፈርህ ወፍጮ እየጮኸ ብታገኘውስ? ስለዚህ ሰው ይጠብቃል። ሥጋ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ተከራይቶ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይጠብቃል። ውሃው በሞተር የሚገፋ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲሄድ ቧንቧውም ይከተላል፤ ጀሪካን ከሩቅ ማስመጣት ወይም መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ ጥበቃ ዋጋ አለው፤ የትኛውም ደረሰኝ ላይ ግን አይጻፍም።

የስልኩን ሒሳብ ደግሞ አብረን እንሥራው። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ ሲሞላ፣ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 25 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 40 ያህል ስልክ ይሞላል ማለት ነው። ጄኔሬተር ያለው ሱቅ በስልክ 20 ብር ያስከፍላል እንበል። አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት በ800 ብር ገዛን ማለት ነው። በቆጣሪ ብንከፍል 10 ብር አይሞላም። ባለሱቁን ለመውቀስ አይደለም፤ ነዳጁንም ድካሙንም እሱ ያውቀዋል። ግን ይህን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ጄኔሬተርና ሶላር ያለው አይከፍልም፤ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ነው የሚከፍለው።

ለኛ አካባቢ ስልክ መዝጋት ደግሞ ከመዝናኛ ማጣት በላይ ነው። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይም አጎት የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የሕክምናው ብር በአንድ ስልክ ጥሪ ይመጣል። ስልኩ ከተዘጋ፣ ወይም የኔትወርክ ማማው ባትሪ ካለቀ፣ ቴሌ ብር ላይ ያለው ብርም እዚያው ታስሮ ይቀመጣል።

ከጆሃንስበርግ የምንማረው

እነዚያው ወንድሞቻችን ያሉበት አገር ስለ ጨለማ የሚያስተምረን ነገር አለው። ደቡብ አፍሪካ እስኮም የተባለው ድርጅቷ በቂ ኃይል ማመንጨት አቅቶት ለዓመታት መብራት በፈረቃ ስታጠፋ ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ. 2023 ከሁሉም የከፋው ነበር። ግን ፈረቃው ደረጃ ነበረው፣ ሰፈር በሰፈር የወጣ መርሐ ግብርም ነበረው። የስፓዛ ሱቅ የከፈተው ልጅ ስልኩ ላይ ባለ መተግበሪያ «ዛሬ ከ12 እስከ 2 ሰዓት የለም» የሚለውን ቀድሞ ያያል፤ ፍሪጁን በጊዜ ያቀዘቅዛል፣ እራቱን ቀደም ብሎ ይሠራል። ጨለማው ችግር መሆኑ አልቀረም፣ ኢኮኖሚውንም ክፉኛ ጎድቷል። ግን ሰው አቅዶ ይኖርበት ነበር።

«ያ እኮ የታቀደ ነው፤ ዶፍ ቀጠሮ ይይዛል እንዴ?» ልትሉ ትችላላችሁ። ትክክል ነው። መብራቱ መቼ እንደሚጠፋ መናገር አይቻልም። ከጠፋ በኋላ ግን የጥገና ሠራተኛው መስመሩን አንዴ ከዞረበት ብዙ ነገር ይታወቃል። የትራንስፎርመር ፊውዝ ከሆነ የሰዓታት ሥራ ነው። ምሰሶ ወድቆ ከሆነ፣ መኪናው የሚገባበት መንገድ ካለ፣ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ከሆነ ተለዋጭ እስኪመጣ ቀናት ይወስዳል። ብዙ አገር ያሉ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ከአውሎ ነፋስ በኋላ ግምታዊ የመመለሻ ጊዜ የሚያወጡት በዚህ መንገድ ነው። ግምቱ ይሳሳታል፣ ይታደሳል። የተሳሳተ ግምት ግን ከዝምታ ይሻላል።

እኛም ጋ ግማሹ መንገድ ተሄዷል። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለጥገና የሚያጠፋውን መስመር በፌስቡክና በቴሌግራም ገጾቹ ቀድሞ ያሳውቃል፤ ብልሽት ለመጠቆም 905 አለ። የጎደለው ከዶፍ በኋላ ለሰፈር የሚላክ ሦስት ቃል ነው፤ የት፣ ምን፣ መቼ። «መቼ» የሚለው የሰዓት ትክክለኛነት አያስፈልገውም። «ዛሬ»፣ «በሁለት ቀን ውስጥ»፣ «ከዚያ በላይ» ከተባለ እናቶቻችን ስለ ሊጡ መወሰን ይችላሉ።

መልእክቱን ማን ያድርስ?

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። በሁለተኛው ቀን ስልኩ ራሱ ሞቷል፤ የቴሌግራም መልእክት ለማን ይደርሳል?

እኛ ግን ከስልክ በፊትም መልእክት ማድረስ እናውቅ ነበር። የእድር ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ ሰፈሩን ዞሮ ለቅሶ ሲነግር ባትሪ አይፈልግም። የእድር ዳኛው የማያውቀው ቤት የለም። ከአገልግሎት ማዕከሉ ለቀበሌ፣ ከቀበሌ ለእድር አንድ የስልክ ጥሪ ቢደረግ ምሽቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ሆሳዕና ዛሬ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለመሞከር ከሷ የተሻለ ከተማ አይታየኝም። ከዚህ ሠርቶ ከታየ አንጋጫም ዶዮገናም ይወስዱታል።

እድሩ ሌላም ነገር ማድረግ ይችላል። ድንኳንና ድስት በጋራ እንደሚገዛው አንድ የሶላር ፓነልና ባትሪ ቢገዛ፣ ለአንድ ቤት ከባድ የሆነው ወጪ ለመቶ አባል ቀላል ነው። የሰፈሩን ስልክ ይሞላል፣ የታመመ ላለበት ቤት መብራት ያበራል።

እስከዚያው እኛስ?

መጀመሪያ «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?» የሚለውን ጥያቄ በደንብ እንጠቀምበት። የናንተ ቤት ብቻ ከሆነ ብሬከሩን ወይም ከምሰሶ የሚገባውን ሽቦ ጠርጥሩ። ጎረቤት አንዱ ቤት ኖሮት አንዱ ከሌለው አንድ ፌዝ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ በሙሉ ከሆነ ትራንስፎርመሩን፣ ከተማው በሙሉ ከሆነ ዋናውን መስመር ወይም ማከፋፈያ ጣቢያውን ነው መጠርጠር። 905 ስትደውሉ ይህን ብትነግሯቸው ሥራቸው ያጥራል።

ፍሪጅና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ፤ መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ፣ መመለሱን ይነግራችኋል። ፍሪጁን አትክፈቱ፤ እንደተዘጋ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የወደቀ ሽቦ የሞተ ቢመስልም አትጠጉ፣ ልጆችም እንዳይጠጉ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቅ። በመስመሩ ላይ የወደቀ ዛፍም ለሠራተኛው ይተው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርዱ ስለጠናባችሁ የከሰል ምድጃ ወይም ጄኔሬተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። የሚወጣው መርዛማ ጋዝ እንቅልፍ ላይ እያላችሁ ሊገድል ይችላል።

ለምግቡ ደግሞ የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም ቀድሞ መፍትሔ አበጅቷል። እማዬ «ቆጮ ያለበት ቤት መብራት ቢሄድም ባይሄድም ያድራል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ፍሪጅ ሳይፈልግ ወራት ይቆያል። የእንሰት ገበሬ ክፉ ቀን መቼ እንደሚመጣና ስንት ቀን እንደሚቆይ ስለማያውቅ ነው ምግቡን መሬት ውስጥ ያስቀመጠው።

ለክፉ ቀን መዘጋጀት ቤት ለቤት እንችልበታለን። የቀኑን ርዝመት መንገር ግን መስመሩን ዞሮ ያየው ሰው ብቻ የሚችለው ነገር ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከእድር ዳኛችሁ ጋር አንድ ጊዜ ተነጋገሩበት፤ በቀጣዩ ዶፍ ማግስት «መቼ ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው፣ መልሱንም ዞሮ የሚናገር አንድ ሰው ይመረጥ።