ፉል ፍሬም እስኪመጣ

በግቢያችን የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው ዓመት አረፉ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ የቆመው ፎቶግራፋቸው ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ተወስዶ የጎላ ነበር። ፊታቸው ደብዝዟል፤ የማኅተሙ ጠርዝ ትከሻቸው ላይ ይታያል። እኒያ ሰው በየእሑዱ ቡና አፍልተው ጎረቤቱን ሁሉ ሲጠሩ የኖሩ ናቸው። ሳቃቸውን የማያውቅ የግቢው ሰው የለም። በዚያ ፎቶ ላይ ግን አይስቁም።

የልጅ ልጃቸው ፎቶግራፍ ማንሳት የሚወድ ወጣት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዘመዱ ያገለገለ ካሜራ ከነኪት ሌንሱ ሰጥቶት ነበር። አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን፣ "እማማን ለምን አታነሳልንም?" አልኩት። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ክሮፕ ነው። ፉል ፍሬም ስገዛ በደንብ አድርጌ አነሳቸዋለሁ" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። ካሜራው እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ ከቁም ሳጥን አልወጣም።

ልጁን አልወቅስም። የነገሩትን አምኖ ነው። የምወቅሰው ምክሩን ራሱን ነው። ዛሬ በከተማችን ፎቶግራፍ የጀመረ ሰው "የመጀመሪያ ካሜራዬ ምን ይሁን?" ብሎ ሲጠይቅ ከየአቅጣጫው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ "ፉል ፍሬም ካልሆነ ገንዘብህን አታባክን።" ሠርግ የሚያነሳው ይህን ይለዋል፤ ካሜራ አከራዩ ይህን ይለዋል፤ ዩቲዩብ ላይ ቦዲ (ሌንስ የሌለው የካሜራ አካል) ከካርቶኑ እያወጣ የሚያሳየው ሰው ይህን ይለዋል፤ አሜሪካ ያለው የአክስቱ ልጅም በስልክ ይደግምለታል። እኔ ይህ ምክር ለጀማሪ ጎጂ ነው እላለሁ። ገንዘቡን ብርሃን ወደማይገኝበት ቦታ ያስወስደዋል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ጊዜውን ይበላበታል።

ፉል ፍሬም የሚለው ስም ራሱ አሳሳች ነው፤ ፉል ማለት ሙሉ ነው። አንዱ "ሙሉ" ከተባለ ሌላው ጎዶሎ መምሰሉ አይቀርም። ሙሉ የተባለው የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ልክ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ የሚያንሰው ክሮፕ ይባላል። ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ ለሲኒማ የሚሠራበትን ፊልም ወስዶ፣ የሲኒማውን ምስል እጥፍ አድርጎ፣ ኪስ የምትገባ ካሜራ ሠራ። ካሜራዋ ላይካ ተብላ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ዋለች። በዚያ ዘመን ይህን ልክ ሙሉ ብሎ የጠራው አልነበረም። በትልልቅ ፊልምና በመስታወት ሰሌዳ የሚሠሩት ባለሙያዎች በትንሽነቱ ይንቁት ነበር፤ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች መጠሪያም "ሚኒየቸር" ነበር። ዛሬ ክሮፕ ሴንሰር የሚናቅበት አነጋገር ያኔ ፉል ፍሬም ይናቅበት የነበረው ነው።

ሰይዱ ኬይታን አስቡ። የማሊ ፎቶ አንሺ ነበር፤ የመጀመሪያ ሙያው አናጢነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ሲመለስ ኮዳክ ብራውኒ አመጣለት፤ ለማንም ሰው ተብሎ የተሠራ፣ እንደነገሩ የሆነ ርካሽ ካሜራ ነው። በዚያ ተማረ። በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ሲከፍት ትልቅ ካሜራ ይዞ ነበር፤ ፊልሙም 13 በ18 ሴንቲሜትር ነበር። በስፋት ቢለካ ከዛሬው ፉል ፍሬም 27 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በልክ የሚፈረድ ከሆነ ፉል ፍሬምም ከኬይታ ፊት ጎዶሎ ነው። ግን ኬይታን ኬይታ ያደረገው ያ አይደለም። ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ያነሳ ነበር። ከሰዎቹ ጀርባ የሚሰቅለው የራሱን የአልጋ ልብስ ነበር። ፊልም ውድ ስለሆነም ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሳው፤ ስለዚህ እጅ የት እንደሚያርፍ፣ አንገት ወዴት እንደሚዘነብል፣ ብርሃኑ በየትኛው ጉንጭ እንደሚገባ አስቀድሞ ያያል። ይህን ዓይን ያዳበረው ከአጎቱ ስጦታ ጀምሮ ነው። ትልቁ ካሜራ እስኪመጣ ቢጠብቅ ኖሮ 13 ዓመት እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ የክርክሩ እምብርት እዚህ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የካኖን ክሮፕ ካሜራዎች ሴንሰር 330 ገደማ፣ የኒኮንና የሶኒ 370 ገደማ ነው። የሌንሱ አፐርቸር (የብርሃን መግቢያው ስፋት) እና የሹተሩ ፍጥነት እኩል ከሆነ፣ ፉል ፍሬም የሚሰበስበው ብርሃን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። በማታ ሠርግ አዳራሽ ውስጥ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ይህችን ልዩነት ይፈልጋታል፤ ይግዛት።

ለጀማሪው ግን ማንም የማይነግረው ሌላኛው ቁጥር አለ። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ኪት ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ አፐርቸሩ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ቁጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋል)። ርካሹ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት አሥር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የዚህ ዓይነት ሌንስ ሲወጣ 130 ዶላር ገደማ ነበር። በሺዎች ዶላር ተከፍሎበት ሁለት እጥፍ ተኩል፣ በመቶ ምናምን ዶላር አሥር እጥፍ! ይህን እያወቀ ጀማሪን ወደ ቦዲው የሚገፋ ሰው ለጀማሪው አላሰበም።

ይባስ ብሎ፣ ያለውን ሁሉ ቦዲው ላይ ያፈሰሰ ሰው ለሌንስ የሚተርፈው የለም። ፉል ፍሬሙን አብሮት ከመጣው 28–70 ሌንስ ጋር ይዞ ይወጣል፤ ያም ሲሳብ ኤፍ 5.6 ነው። ከጎኑ የቆመው ልጅ አሮጌ የሶኒ ክሮፕና 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ከያዘ አራት እጥፍ ያህል የበለጠ ብርሃን ያገኛል። ውዱን ካሜራ የያዘው ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ቢያነሳ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጥፋቱንም በራሱ ላይ ያላክካል፤ "ተሰጥኦ የለኝም" ብሎ የተወ ሰው አውቃለሁ።

ገንዘብ ከማይገዛቸው ነገሮች አንዱን ልጥቀስ፤ ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ ከሴንሰር ልክ ይልቅ ይህ ያስፈልገዋል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ነጭና ጥቁር አይለይም። ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ላይ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ብታነሱ፣ መለኪያው ያን ሁሉ ንጣት አይቶ "ብርሃን በዛ" ይልና ምስሉን ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይሆናል፤ ከነጠላው ውስጥ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። የእኛ የበዓል ፎቶዎች ላይ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሚታይባቸው ስንት ናቸው! መፍትሔው አንድ ቁልፍ ማዞር ነው፤ ኤክስፖዠሩን በአንድ ደረጃ ወደ ፕላስ መግፋት፣ ወይም መለኪያውን ፊቱ ላይ ብቻ ማሳረፍ። ፀሐዩ ከከረረ ሰውየውን ወደ ዛፍ ጥላ መጥራት። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት እየለዩ ያግዛሉ፤ ቢሆንም ነጩ ልብስ እንዳይቃጠል፣ ፊቱም እንዳይጨልም የሚወስነው አንሺው ነው። ይህ ቁልፍ በርካሹም በውዱም ካሜራ ላይ አለ። ስለ ቦዲ ለሰዓታት የሚከራከሩ ወጣቶች መካከል ተቀምጬ ስለዚህ ቁልፍ አንድም ቃል ሳይነሳ ስብሰባው ሲበተን አይቻለሁ። አዝኛለሁ።

ስለ ሜጋፒክስል ብዙ አልልም። ኢንስታግራም ላይ የሚለጠፍ የተለመደ የቁም ምስል 1080 በ1350 ፒክስል ነው፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም። በኤ4 ወረቀት በጥሩ ጥራት ለማተም 9 ሚሊዮን ይበቃል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው፣ ሠርግ አንሺዎች የተሻሙበት የመጀመሪያው 5ዲ 12.8 ሜጋፒክስል ነበር፤ መደበኛው አይኤስኦም (ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ላይ ያበቃ ነበር። ዋጋው 3,299 ዶላር ነበር። ዛሬ "መጫወቻ" የሚባለው 24 ሜጋፒክስል ክሮፕ ካሜራ በሜጋፒክስልም በአይኤስኦም ይበልጠዋል። ያኔ የተነሱት የሠርግ አልበሞች ግን እስከ ዛሬ በየሳሎኑ ይገለጣሉ፤ ማንም ጎዶሎ ናቸው አላለም።

"ሁለት ጊዜ ከምገዛ አንድ ጊዜ ልክፈልና ልገላገል" የሚል መልስ ይሰጠኛል። ጠንካራው መከራከሪያ ይሄ ነው፤ ሚዛኑ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ቦዲ ቶሎ ያረጃል፤ በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ ይተካል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ሌንስ ይቆያል። ለካኖን ፉል ፍሬም ተብሎ የተሠራው የኢኤፍ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ክሮፑም ላይ ይገጥማል፤ በአዳፕተር አዲሱ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራ ላይም ይሠራል። እንዲህ ያለ ሌንስ ገዝቶ የጀመረ ሰው ነገ ቦዲ ቢቀይር የጀመረበት አይጠፋበትም።

ደግሞስ ማጠራቀሙ መቼ ነው የሚያልቀው? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ2,000 ዶላር ቦዲ ከ114 ሺህ ብር ተነስቶ ከ200 ሺህ በላይ ሆነ፤ ቀረጡ ገና ሳይታሰብ። ያ የልጅ ልጅ ከደመወዙ እየቆነጠረ ሲያስቀምጥ፣ የሚያሳድደው ዋጋ ከፊቱ እየሸሸ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝን እንዲህ እለዋለሁ። ካሜራ ካለህ አትግዛ። ከሌለህ ያገለገለ ክሮፕ ፈልግ፤ የካኖንም ይሁን የኒኮን ወይም የሶኒ፣ የእጅ ጉዳይ ነው። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቅ፤ የጀማሪ ቦዲ ከ100 ሺህ ካለፈ ዋጋውን አስቀንስ ወይም ተወው። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ሰማዩን አንሳ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ሁሉ ነጠብጣብ ሆኖ ይታይሃል። ሌንሱን ወደ መብራት አዙረህ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ። የቀረህን ገንዘብ ሰፊ አፐርቸር ያለው ሌንስ ግዛበት። ክሮፕ ላይ 50 ሚሊሜትር እንደ 75 ወይም 80 ስለሚሆን ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን ግድግዳው ወደ ኋላ አላስኬድ ይልሃል፤ እዚያ 35 ይሻላል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ዕቃ አትመልከት።

ምክር የምትሰጡ ባለሙያዎችም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ጀማሪ ሲጠይቃችሁ የያዛችሁትን ቦዲ ስም ከመንገራችሁ በፊት "ማንን ልታነሳ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። እናቱን ካለ፣ የሚያስፈልገው ቤቱ ውስጥ አለ።

አያቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ደግሞ በሚመጣው እሑድ ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ያላችሁን ካሜራ አውጡ፤ ባትሪውን ዛሬ ማታ ቻርጅ አድርጉት።