በሰማይ የሚያልፍ መብራት

ከገዳሪፍ አገር የተመለሰ አንድ ወዳጃችን ያጫወተንን ነገር በዛሬው ዓምዳችን ልናካፍላችሁ ወደድን፡፡ ቱነይድባ የተባለው የስደተኞች ሰፈር፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ከተነሣው ጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ለተሻገሩት ወገኖቻችን በዚያው ዓመት የተቋቋመ ነው፡፡ ወዳጃችን በዚህ ሰፈር በማምሻ ጊዜ ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ ልጃቸው በትንሽ የፀሐይ ፋኖስ ደብተሩን ሲያነብ ፋኖሱ ኃይሉ አልቆ ጠፋበት፡፡ እናቲቱም፣ «ልጄ፤ የአገራችን መብራት ገዳሪፍ ድረስ መጥቷል ይባላል፤ ታዲያ ከዚያው አገር የመጣነው እኛ ስለምን አላገኘነውም?» ብለው ጠየቁት፡፡ ወዳጃችንም መልስ አጥቶ ዝም አለ፡፡

እኛ ግን ጥያቄው በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም፡፡ መልሱ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነውና፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ ጠባይ፣ ሁለተኛውም የገንዘብ ጠባይ ነው፡፡

እናቲቱ የሰሙት ወሬ እውነት ነው፡፡ በ2000 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ክፍል የሆነው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር ለኢትዮጵያ 41 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ብድር ፈቀደ፡፡ በዚህም ገንዘብ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ መተማ የሚወርደው 230 ሺህ ቮልት ተሸካሚ መስመር ተዘርግቶ፣ በሱዳን በኩል ከገዳሪፍ ከመጣው መስመር ጋር ተገናኘ፡፡ በ2006 ዓ.ም. ተመርቆም 100 ሺህ ኪሎዋት ያህል ኃይል እንዲያሻግር ታሰበ፡፡

ኃይሉ ስለምን በዚህን ያህል ከፍተኛ ቮልት ይላካል ቢሉ፣ በመንገድ የሚባክነው እንዲያንስ ነው፡፡ ቮልቱ በእጥፍ ሲጨምር በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ጅረት በግማሽ ይቀንሳል፤ በሙቀት የሚጠፋውም ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፡፡ ነገር ግን ይህ ኃይል እንዳለ ወደ ቤት አይገባም፡፡ በመጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ሺህ ቮልት፣ ቀጥሎም በመንደር ትራንስፎርመር ለቤት ወደሚስማማው 220 ቮልት መውረድ አለበት፡፡ ጣቢያውና ትራንስፎርመሩ ከሌሉ ታላቁ ሽቦ በመንደሩ ላይ ቢያልፍም፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል፡፡ ይህም በቱነይድባ ላሉት ብቻ ሳይሆን፣ በገዛ አገራችን ከመስመሩ ሥር ለሚኖረው ገበሬ ሁሉ ያው ነው፡፡

የገንዘቡም ጠባይ ከዚህ አይለይም፡፡ ርዳታ ሰጪውም ሆነ አበዳሪው የሚሰጠው ተለይቶ ለተጻፈ ሥራ ነው፡፡ ለመስመር ተብሎ የተፈቀደ ገንዘብ ለመንደር ትራንስፎርመር አይውልም፡፡ ስለዚህ ከመስመሩ በታች ያለው ቤት መብራት ያገኝ ዘንድ ሐሳቡ ከመነሻው በማመልከቻው ውስጥ መግባት አለበት፡፡ ማመልከቻውም በልመና ቃል ብቻ አይጸናም፤ የሚጠቀመው ሕዝብ ስንት እንደ ሆነ፣ መሬቱ ለሚወሰድበት ሰው ካሣው ከየት እንደሚከፈል፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ጥገናውን ማን እንደሚችል ተጠንቶ ሊቀርብ ይገባል፡፡

ኋላም ይህ ትምህርት ተገኝቷል፡፡ በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ፕሮግራም ሲያወጣ፣ የዓለም ባንክ በዚያው ዓመት 375 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፡፡ የዚህ ገንዘብ አሰጣጥ ልዩ ነበር፤ ይኸውም የሚለቀቀው ዕቃ ስለ ተገዛ ሳይሆን፣ መብራት የገባላቸው ቤቶች ተቆጥረው ከተረጋገጡ በኋላ ነው፡፡ ይህ ከእድር ዳኛ አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ ድንኳኑ መተከሉ በዓይን ሳይታይ ሒሳቡ አይዘጋምና፡፡

ስለ አያያዝ ደግሞ ከቆቃ የበለጠ ምስክር የለንም፡፡ ኢጣልያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ፣ 43 ሺህ ኪሎዋት የሚያመነጩ መሣሪያዎች ተተክለውለት፣ አንድ ጊዜ የተገኘ ገንዘብ በአግባቡ በሥራ ላይ ከዋለ ልጅ ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት እንደሚሆን አሳይቷል፡፡ ሆኖም የአዋሽ ጎርፍ ከተራቆተው መሬት ጠርጎ ያመጣው ደለል የሐይቁን ማጠራቀሚያ በከፊል ሞልቶታል፡፡ ለግድቡ መሥሪያ ገንዘብ ሲፈለግ፣ ለተራራው መጠበቂያም አብሮ ማሰብ ያሻ ነበር፡፡ «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚባለው ስለዚህ ነው፡፡

እንግዲህ የርዳታ ገንዘብ በእጃቸው ለሚገባ ባለሥልጣኖች የምንለው ይህን ነው፡፡ ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ግዢው በግልጽ ጨረታ ይሁን፤ ለመለዋወጫ ዕቃና ለሠራተኛ ማሠልጠኛ ከመጀመሪያው ድርሻ ይከፈል፡፡ ለባለ ትዳሮችም የምንለው አለ፤ ቆጣሪያችሁን ማንበብ ልመዱ፤ ሒሳባችሁን በጊዜው ክፈሉ፤ ከጎረቤት ሽቦ በስርቆት አትቀጥሉ፡፡ የተቀጠለው ሽቦ ቤት ከማቃጠሉም በላይ ትራንስፎርመሩን ከዐቅሙ በላይ አስጨንቆ መንደሩን በሙሉ ያጨልማልና፡፡

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳንም ራሷ በጦርነት ስትታመስ፣ የቱነይድባ ስደተኞች በስደት ላይ ሌላ ሥጋት ተጨመረባቸው፡፡ ጦርነት ባለበት ሽቦው ቢዘረጋም የሚጠግነው አይገኝም፤ የተሰጠውም ገንዘብ ከታሰበለት ቦታ ለመድረስ ይቸገራል፡፡

ለእናቲቱ ልንሰጥ የምንችለው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ «እመቤቴ፤ መብራቱ ገዳሪፍ የደረሰው ገዳሪፍ ስለ ተጻፈ ነው፡፡ እርስዎ ያሉበት ስፍራ አልተጻፈም ነበር፡፡» ወደ ፊት ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት፣ ከሽቦው ሥር ማን እንደሚኖር ወርደው ቢጠይቁ፣ ያ ልጅ ያቋረጠውን ገጽ የሚጨርስበት ጊዜ ይቀርባል፡፡