ከሁለት ያጣ ጎመን?

ፊዚክስ የሚማር ጓደኛችን ክራር ሲመታና ግጥም ሲጽፍ ባዩት ቍጥር «ከሁለት ያጣ ጎመን» የሚሉ አሉ፤ ከመምህራኖቻችንም መካከል አይጠፉም። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ባለቅኔም ነበር፤ ብሩሹ ብዕሩን ምን ጎዳው? አፈወርቅ ተክሌም እ. ኤ. አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሥዕል ባይወድ ኖሮ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስተዋት ማን ይሠራው ነበር? የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንን ከአምስቱ ዋና ዋና የጠባይ መለኪያዎች አንዱ ያደርጉታል እንጂ ሕመም አይሉትም። እርግጥ ነው፣ ጀምሮ መተው የለመደ ሰነፍ በዚህ ስም ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው «ስንት ነገር ወደድህ?» ሳይሆን «የትኛውን ፈጸምህ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ክራሩንም ለፈተና ሰሞን ብቻ ይስቀለው።