በደመና ውስጥ ስላለው መንገድ

ዘመዱን በአይሮፕላን የሸኘ ሰው ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ልቡ ይሠጋል። ነጂው ምድሩን ሳያይ የሚነሣውና የሚያርፈው በምን ይሆን? በፊቱ ባሉት መሣሪያዎችና በአንዲት የበረራ ካርታ ነው።

ይህችን ካርታ ካስጀመሩት አንዱ በአሜሪካ አገር ፖስታ ያመላልስ የነበረው ነጂ ኤልሬ ጄፕሰን ነው። ባልንጀሮቹ በጉም ውስጥ ከተራራ ጋራ እየተላተሙ ይሞቱ ነበርና፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1930 ዓመት ገደማ በአሜሪካ 10 ሳንቲም ደብተር ገዝቶ፤ ከፍታ መለኪያ ይዞ ኰረብታውንና የጪስ ማውጫውን ራሱ እየወጣ ለካ፤ ገበሬዎችንም እየጠየቀ ጻፈ። በ1934 ግልባጩን በ10 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ ከተጋቡም በኋላ ባለቤቱ ናዲን ሥራውን ከቤታቸው ሁና ታግዘው ነበር።

ካርታዪቱ ለሚነሣው ወዴት እንዲዞር፤ ለሚያርፈውም ከየትኛው ከፍታ በታች እንዳይወርድ ታዝዛለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ይመስለናል፤ ከተወሰነው ከፍታ ደርሶ ማረፊያው ካልታየው፤ እንደ ገና ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ ተጽፎለታል። በዚያች ሰዓት የሚመክርበት ጊዜ የለውምና። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሊያርፍ ከቀረበ በኋላ ድንገት ተመልሶ ቢነሣ፤ በማረፊያው የሚጠባበቁት ቤተ ሰቦች አይደንግጡ፤ ነጂው የታዘዘውን እየፈጸመ ነው።