ልምላሜን ማየት ቅንጦት አይደለም

ስለ መስክና ስለ ወንዝ ውበት የተናገረ ተማሪ ሁሉ «ሥራ ፈት» መባሉ የተለመደ ነው። እኛ ግን ነገሩን ከቅኔ አውጥተን በጤና ሚዛን ልንመዝነው ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፔንሲልቬንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አመሳክሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት 23ቱ፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት 23ቱ ቀድመው ወጡ፤ የወሰዱትም ጠንካራ ማስታገሻ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያ በተደረገ ጥናትም 90 ደቂቃ በመስክ የተራመዱ ሰዎች መብሰልሰላቸው ሲቀንስና የሚያብሰለስለው የአንጎል ክፍል ሲረግብ፣ መኪና በበዛበት ጎዳና በተራመዱት ላይ ይህ አልታየም። ጎዳና ላይ አእምሮ ጡሩምባውንም መኪናውንም ተጠንቅቆ መለየት ስላለበት ይደክማል፤ ቅጠልና ውኃ ግን ዐይንን ሳያስገድዱ ይስባሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስና ሰንበቴን እንውሰድ። በአዲስ አበባና በደሴ ጎዳና ላይ ያለችው ይህች ከተማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት የእሑድ ገበያዋ የታወቀች ናት። ከገበያው ግርግር ቀና ያለ ሰው ኮረብታውን ያያል፤ ወደ ከሚሴ የዘለቀም ቦርከና የሚያጠጣውን የጨፋን መስክ ያገኛል። ይህን ሀብት ይዘን ሳለ ከተሞቻችን ሲያድጉ ሁሉም ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞራል። ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሲሠራ «መስኮቱ ወዴት ይክፈት?» ብሎ የሚጠይቅ ስንት ነው?

«ገበሬው ልምላሜ ሲያይ ይውላል፤ ታዲያ ለምን አላረፈም?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልምላሜ የሚያሳርፈው ሥጋት በሌለበት ነውና። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ ሰው ሲሞትና ቤት ሲቃጠል ኮረብታው ያው የቀድሞው ኮረብታ ነበር፤ የሚመለከተው ሰው ግን «ከወዲያ ማን ይመጣብኝ ይሆን?» እያለ ነበር። እንዲህ ያለ ዕይታ ዕረፍት አይሰጥም፤ እንቅልፍ ይነሣል እንጂ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ነው። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲታነጽ ዛፉ ይትረፍ፣ መስኮቱም ወደ እርሱ ይከፈት፤ ጨፋም ዳር እስከ ዳር አይታረስ። ከሁሉ በፊት ግን መንግሥትም ሽማግሌዎችም የአካባቢውን ሰላም ይጠብቁ። እኛም ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ይህንኑ በየሸንጎውና በየቡናው እናንሣ፤ ሰንበቴ ሰው ኮረብታውን ሳይፈራ የሚያይባት ከተማ ትሁን።